ሁሉም ቢያውቀውስ?

ሁዳዴ ሲገባ ቄራ ካሉት ሥጋ ቤቶች አብዛኞቹ መዝጊያቸውን ይገጥማሉ። ለጋሼ ዓመቱን ሙሉ ረፍት ማለት ይኸው የጾሙ 55 ቀን ነው። ዕድሜያቸውን ሥጋ ሲመትሩ ኖረዋል። የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ ዓመት በዓል ሲደርስም የቅርጫውን መደብ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ጉዞን፣ ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን የሚያቀሉ ብልሃቶች ሰብስቤ ለመጽሔት እንድጽፍ ታዝዤ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩባቸው። ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላምና ቡናም ሻይም አልቀረበም። ጨዋታ ብቻ።

ጋሼ፦ እስቲ ከላይ ያለውን አንብቢው።

እኔ፦ የመጀመሪያው የሥራ ነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ፣ ማጥናት ቢያቅተው የማድ ቤት ሰዓት አንሥቶ ሞላ። ሰዓቱ የቲማቲም ቅርጽ ነበረው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ረፍት። በ25 ደቂቃው ውስጥ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ማንም አይገባም። ዘዴው ፖሞዶሮ ተብሎ ዓለምን ዞሯል።

ጋሼ፦ ማንም አይገባም ያልሽው በማን ፈቃድ ነው?

እኔ፦ በሩን ይዘጋዋላ።

ጋሼ፦ በር ላለው ሰው መልካም ነው። የእኔ ሥራ በሩ ሲከፈት ነው የሚጀምረው። የአንቺስ ቢሮ በር አለው?

እኔ፦ ካዛንቺስ ሳለን ነበረው። አካባቢው በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የተዛወርንበት ፎቅ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው «ይማርህ» የሚለው ከወዲያኛው ጥግ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሰዓቱን ለብቻሽ ብትሞዪው ምን ይረባሻል? አጠገብሽ ያለችው ልጅ አታውቀውም። «ስሚ እስቲ» ትልሻለች፤ ዝም ካልሻት ኮራች ትባያለሽ፤ ከመለስሽላት ቲማቲምሽ ፈረሰ።

እኔ፦ እውነት ነው፣ ለብቻዬ አልሆነልኝም። ኋላ ግን ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ማንም ማንንም እንዳይጠራ ሁላችንም ተስማማን። አለቃችንም ገባበት። እሱ ሠርቷል።

ጋሼ፦ ታዲያ ስምምነቱን ጻፊያ! ቲማቲሙማ ዕቃ ነው።

እኔ፦ እርስዎ ሥራዎን የሚያቀሉበት ዘዴ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ቢላ የሚሞረደው ማታ ነው። ሥጋው ከቄራው የሚደርሰው ገና ሳይነጋ ነው፤ ያን ጊዜ ሞረድ ፍለጋ የሚዞር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲንደፋደፍ ይውላል። ሌላው፣ ደንበኛ ፊት ቆሜ የምወስነው ነገር የለኝም። በበዓል ዋዜማ ዱቤ የለም። አንድ ጊዜ ወሰንኩ፣ ለሁሉም ነገርኩ፣ አበቃ። ለእያንዳንዱ እንደ ፊቱ ልስጥ ብል «ለእሱ ሰጥተህ ለእኔ ትነፍገኛለህ?» የሚለው ሙግት ብቻ ቀኑን ይበላው ነበር። ቀጥዪ።

እኔ፦ ሁለተኛው የታክሲ ነው፤ ይኼ የራሴ ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ወደ ቄራና ጎፋ ለመሄድ የሚጠብቀው ሰልፍ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ መጨረሻው አይታይም። እኔ እዚያ አልቆምም። ታክሲው ወደ ሜክሲኮ ሲመጣ ከወዲሁ መንገድ ላይ እሳፈራለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ አልወርድም። ሁለት ሒሳብ ከፍዬ ጋቢና እንደተቀመጥኩ እዞራለሁ።

ጋሼ፦ ተሰልፎ የቆመውስ?

እኔ፦ ይቆማላ።

ጋሼ፦ እንዲህ የሚያደርገው አንቺ ብቻ ነሽ?

እኔ፦ አሁን አሁን በዝተናል። አንዳንዴ ታክሲው ሜክሲኮ ሲደርስ ግማሹ ወንበር ተይዟል። ተራ አስከባሪው ይሳደባል።

ጋሼ፦ ነገ ወንበሩ ሁሉ ቢያዝስ?

እኔ፦ ያኔማ ትንሽ ወደዚህ ቀረብ ብሎ መሳፈር ነው።

ጋሼ፦ ከዚያ ደግሞ ሌላው ካንቺ ቀድሞ ይሳፈራል፤ እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም ስትባባሉ ቄራ ትደርሳላችሁ። እዚህ ደጃፌ ላይ ተሳፍረሽ፣ ሜክሲኮን በመስኮት አይተሽ፣ እዚሁ ደጃፌ ትወርጃለሽ ማለት ነው። ይህን በመጽሔት ጽፈሽ ሺህ ሰው አንብቦ ነገ ማታ ቢያደርገው ምን ይሆናል?

እኔ፦ ሰልፉ ቦታ ይቀይራል።

ጋሼ፦ ለአንባቢ ከመስጠትሽ በፊት እያንዳንዷን እንዲህ ጠይቂያት፦ ሁሉም ቢያውቅሽስ? የተነገረች ዕለት የምትሞት ብልሃት ለአንቺ ትጥቀምሽ እንጂ አትጻፊያት።

እኔ፦ በዚህ ሚዛን ከሄድንማ ወረቀቴ ባዶ ይቀራል። ለምሳሌ «ጠዋት ቀድመህ ውጣ» የሚለው ምክርም ይወድቃል።

ጋሼ፦ ሁሉም 12 ሰዓት ላይ ቢወጣ ግርግሩ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ወድቋል።

እኔ፦ እሱ ጋ አልስማማም። ምክሩ «ቀድመህ ውጣ» ሳይሆን «መሥሪያ ቤትህ የመግቢያ ሰዓት እንዲያለያይ ጠይቅ» ቢሆንስ? ግማሹ በ1 ሰዓት ተኩል፣ ግማሹ በ3 ሰዓት ቢገባ ሁሉም ይቀለዋል። ብዙ ሰው ባወቀው ቁጥር ይበልጥ ይሠራል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ይቺ ትጻፍ።

እኔ፦ ዝርዝር ብር መያዝስ?

ጋሼ፦ እሷማ የመጀመሪያዋ ትሁን! አንዱ የ200 ብር ኖት ይዘረጋል፤ ረዳቱ መልስ ፍለጋ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ይለምናል፤ «መልሴን!» የሚለው ሰውዬ መውረጃው ያልፈዋል፤ ታክሲው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ጡሩምባውን ያስጮኻል። የአንድ ሰው ኪስ ስንቱን አዘገየ? አሁን ቴሌብር አለ፤ እሱ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እኔ፦ ኢንተርኔቱ ቢጠፋ እንኳ *127# ብሎ በቁጥር መክፈል ይቻላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር አንሥቶ አለ፤ ብዙ ሰው ግን መተግበሪያው ካልተከፈተለት ተስፋ ይቆርጣል።

ጋሼ፦ ይቺንም ጻፊያት።

እኔ፦ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ መንግሥት ቢሮ መሄድንስ? ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ምሳና የጁምዓ ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜ ግን 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ላቡን እየጠረገ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶው፣ የፋይዳ ቁጥሩ በአንድ ፌስታል ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ደግሞ ከመሄድ በፊት እዚያ ለሚሠራ ወይም አካባቢው ላለ ሰው ደውሎ «ሲስተም አለ?» ብሎ መጠየቅ።

ጋሼ፦ የመጨረሻዋ ዘመድ ላለው ናት። ሁሉም ቢደውል ሠራተኛው ስልክ ሲያነሣ ይውላል። ደጁ ላይ «ዛሬ ሲስተም የለም» ብሎ መለጠፍ ለቢሮው ምክር ነው፤ ለባለጉዳይ አይደለም። እሱን ለእነሱ ጻፊላቸው።

እኔ፦ አሁን የውጭ ጉዞ። አንድ ዘመዳችን ለገና መጥቶ ሲመለስ ትኬቱ ላይ «እሑድ 02:00» ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ «2 ሰዓት» ብሎ ያዘው። ቅዳሜ ማታ ክትፎ ተበላ፣ ተጨዋወትን፣ ተኛን። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሻንጣ ጭነን ቦሌ ስንደርስ አውሮፕላኑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሄዷል።

ጋሼ፦ በፈረንጅ 2 ሰዓት ማለት ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ነዋ!

እኔ፦ ሁላችንም እናውቃለን እኮ። ስድስት መደመርና መቀነስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ግን ትኬቱን ያነበበው አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቻችን የሰማነው ከእሱ አፍ ነው። እሱ «2» አለ፣ እኛ የራሳችንን 2 ሰማን። አሁን ቤታችን ደንብ አለው፤ ትኬት እንደተቆረጠ የበረራው ሰዓት አይነገርም። የሚነገረው ከቤት የመውጫው ነው፦ «ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ከቤት እንወጣለን»። እሱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል።

ጋሼ፦ ሁሉም ቢያውቃት ቦሌ ላይ የሚያለቅስ ይቀንሳል። አለፈች።

እኔ፦ የቀን መቁጠሪያም አለ። ለቪዛ ፎርም የልደት ዘመኑን በችኮላ 8 ደምሮ የሚሞላ ብዙ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7 ነው የሚደምረው፤ 8 ከዚያ ወዲያ ነው። ፎርሙ ላይ አንድ ዓመት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓመት ሲሆን እዚያ መስኮት ላይ ማስረዳት ከባድ ነው።

ጋሼ፦ ሻንጣውንስ? ኪሎ በዛ ተብሎ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሻንጣ ከፍቶ በርበሬና ሽሮ መሬት ላይ መዘርገፍን የመሰለ ውርደት የለም። ሁለት ሻንጣ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ ከተባለ፣ እህል ቤት ሚዛን አለ፤ ይመዘን። እዚህ ቄራ ሚዛን ጠፍቶ ነው?

እኔ፦ ሲመዘን ደግሞ ቋንጣውን ያውጡት።

ጋሼ፦ ቋንጣን?

እኔ፦ አሜሪካም የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከእኛ አገር መንገደኛ የሚይዘውን ሥጋ አያስገቡም። አውሮፓማ ቅቤና አይብም ይከለክላል። ምክንያታቸው የከብት በሽታ ነው።

ጋሼ፦ ቋንጣ እኮ ተዘልዝሎ፣ በቅመም ታሽቶ፣ ስንት ቀን ገመድ ላይ ደርቆ የሚሰናዳ ነው! በሽታው የት ተቀምጦ ይቆያል?

እኔ፦ እርስዎ ያስረዷቸው እንጂ እኔ አልችልም። ተፈትሾ ሲገኝ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚገባው። ካላስመዘገቡት ደግሞ ቅጣት አለው።

ጋሼ፦ እናቶች ይህን ቢሰሙ ሌሊት ሙሉ ባልዘለዘሉ። ጻፊው፤ በትልቁ ጻፊው።

እኔ፦ ወደ ማኅበራዊው ልለፍ። ሰው ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ ለ8 ሰዓት የሚፈልጉትን ሰው 7 ሰዓት ተኩል ብለው ይቅጠሩት የሚል ምክር አለኝ።

ጋሼ፦ ይቺማ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው! የሰርግ ጥሪ ካርድ አይተሽ አታውቂም? ምሳ 6 ሰዓት ይላል፤ ጠሪው 8 ማለቱ እንደሆነ ተጠሪው ያውቃል፤ ተጠሪው እንደሚያውቅ ጠሪው ያውቃል፤ እና 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። በ6 ሰዓት የሚገኙት ካሜራ ማንና አንድ ከውጭ የመጣ ዘመድ ናቸው።

እኔ፦ መፍትሔውስ?

ጋሼ፦ እድራችን ስብሰባ የሚጠራው በወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ስም የሚጠራው በሰዓቱ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የሌለ ቅጣት ይከፍላል። ቅጣቱ ትንሽ ገንዘብ ናት። ግን ዳኛው ቢያረፍድም ይከፍላል። ከፍዬ አውቃለሁ፤ ሰው እንዲያይ ቆሜ ነው የከፈልኩት።

እኔ፦ ለቅሶስ? ባልደረቦቼ የሚያማርሩት እሱን ነው። በወር ውስጥ ሁለት ሦስት ቀብር ይደርስና የሥራ ቀን ያልቃል፤ ካልሄዱ ደግሞ ሰው ይቀየማል።

ጋሼ፦ ሰው ቀብር የሚሄደው ለሟች ብቻ ብሎ አይደለም፤ ነገ ለእኔስ ማን ይቆምልኛል ብሎ ነው። ስለዚህ «አትሂድ» የሚል ምክር አይሠራም። ተረኛ መመደብ ግን ይሠራል። እኛ ድንኳን የሚተክል ተረኛ አለን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚያወጣ ተረኛ አለን። ተረኛ ያልሆነ የሥራ ሰው ማታ መጥቶ ያስተዛዝናል፤ ማንም «የት ነበርክ?» አይለውም፤ ሁሉም ተራውን ያውቃልና። ድሮ ሞት የሚነገረው በጡሩምባ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ነው። ጡሩምባው ሲነፋ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ነበር፤ አሁን ማየቱን ራሱ ስልኩ ይመሰክርበታል።

እኔ፦ ሒሳብ መክፈልንስ? «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ሲባል አስተናጋጇ መሃል ላይ ትቆማለች። እኔ ገና ስገባ ቀስ ብዬ ካሸሯ ጋ ብር አስይዛለሁ።

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ብትሠሩት ሁለት ጊዜ ይከፈላል። እሱን ተዪው፣ የመከባበር ጠብ ነው፤ ጊዜ ቢፈጅም ይፍጅ። ይልቅ የቅርጫውን ጻፊ። ከዚህ ሰፈር አንድ ነገር ውሰጂ ብባል የምሰጥሽ እሷን ነው።

እኔ፦ ቅርጫን የማያውቅ አለ እንዴ?

ጋሼ፦ መብላቱን ያውቃል። እንዴት እንደማያጣላ ያውቃል? አሥር ሰው ነን እንበል። ወደ በሬ ገበያው ሳይኬድ ገንዘቡ ይሰበሰባል። ከስንት ብር በላይ እንዳይገዛ ይወሰናል፤ ሦስት ሰው ይላካል። በሬው ደጅ ከደረሰ በኋላ «ከሳ፣ ተወደደ» የለም፤ የሚናገር ገበያው ላይ ነው የሚናገረው። ታርዶ ሲበለት እኔ መደብ እመድባለሁ። አሥር መደብ፣ በኮባ ቅጠል ላይ። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከዳቢቱ፣ ከሽንጡ፣ ከፍሪምባው ለሁሉም። ምላስ አንድ ነው፤ አንድን ምላስ ለአሥር መቁረጥ የእጅ ሥራ ነው። ጉበቱ እንዲሁ። አጥንትም እንደ ሥጋው ይታያል፤ ቅልጥም የደረሰው መደብ ላይ ከሌላ ቦታ ይቀነሳል። እየዞርኩ ከዚህ አነሣለሁ፣ እዚያ እጨምራለሁ፤ ሰዉ ከበላዬ ቆሞ «ያቺኛዋ አነሰች» ይላል። ያን ጊዜ ይበል፤ የመናገሪያው ሰዓት ያ ነው። ዝም ሲሉ እጄን አነሣለሁ።

እኔ፦ ከዚያ እጣ።

ጋሼ፦ ከዚያ እያንዳንዱ አንዳንድ ነገር ይሰጣል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የሸሚዝ አዝራር። የእኔም አንዷ ትጨመራለች፣ ይህን በደንብ ያዢው። መደቡን ሲመደብ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንዳንድ ያስቀምጣል። የማን ቁልፍ የት እንደሚያርፍ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ስመድብ አንዷን ላደላ ብል ለማን እንዳደላሁ ራሴ አላውቀውም። እጄን ቀና ያደረገው ይኸው ነው፤ ቅድስና አይምሰልሽ።

እኔ፦ ሁጎ ሽታይንሃውስ የሚባል ፖላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ በፈረንጆቹ 1948 ስለዚሁ ጽፎ ነበር። አንድን ነገር ብዙ ሰው ሳይቀያየም እንዴት ይካፈለዋል የሚል። ዛሬ ራሱን የቻለ የሒሳብ ዘርፍ ሆኗል።

ጋሼ፦ ጨጓራውን ምን አድርጉ ይላል?

እኔ፦ እስከዚያ የደረሰ አይመስለኝም።

ጋሼ፦ እኛ በጨረታ ለአንዱ እንሸጥና ገንዘቡን ለአራጁ እንሰጣለን። የሚያጣላው ከሥጋው ይልቅ ጨጓራው ስለሆነ ነው።

እኔ፦ አንድ ነገር ግን አለ ጋሼ። እርስዎ የሚሉት ሁሉ፣ ቅርጫውም እድሩም፣ ሰዉ አንድ ሰፈር ሲኖር ነው። እናቴ ከካዛንቺስ ተነሥታ ገላን ጉራ ከገባች ወዲህ የድሮ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ናቸው። የእድሩ ድንኳን አንድ ሰው ቤት ተቀምጧል፤ ተረኛው ግን ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የሚመጣው። አዲሱ ሰፈር ላይ ማን ዳኛ ይሁን፣ ማን ገንዘብ ይያዝ ገና ይተያያሉ። ሁሉም ቢያውቀው ይሠራል የሚሉት ብልሃት ሰው ሲበተን አይሠራም። የእኔ የታክሲ ዘዴ ግን የትም ይሠራል።

ጋሼ፦ ይሠራል፤ ማንንም ማወቅ አይፈልግማ። እኔ ዘንድ መልስ የለኝም። ቄራው በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም እዚህ የሰፈረው ሰውም ከየአገሩ የመጣ ነው፤ አባቴ ከጎረቤቱ ጋር አንድ በሬ እስኪካፈል ስንት ፋሲካ እንዳለፈ አልነገረኝም። መጀመሪያ ሁለት ሆነው በግ ነው የሚካፈሉት፤ በሬው ኋላ ይመጣል። እናትሽ ፎቁ ላይ በግ የሚካፈል ሰው አላት?

እኔ፦ አንድ ሴትዮ አሉ። ሽንኩርት ይበዳደራሉ። ለዘንድሮ ግን እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ከእናንተ ቅርጫ አንድ መደብ ብትገባ።

ጋሼ፦ ዘጠኝ ሰው አለኝ፤ አሥረኛ ትሆናለች። ሥጋውን አንቺ ታደርሻለሽ፣ እጣዋንም አንቺ ትሰጫለሽ። ብሩ እስከ ሆሳዕና መግባት አለበት።

እኔ፦ ደሞዜ የሚወጣው ከሆሳዕና ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ለሁለት ቀን ነው።

ጋሼ፦ ለአንቺ ሁለት ቀን ከጨመርኩ ለዘጠኙ ምን ብዬ ልመልስ?

እኔ፦ ለእናቴ ስል እኮ ነው።

ጋሼ፦ ዘጠኙም እናት አላቸው።

እኔ፦ እሺ፣ ተበድሬ እከፍላለሁ። ቴሌብር ይቀበላሉ?

ጋሼ፦ እኔ ገንዘብ አልነካም፤ ገንዘብ ያዡ ነው። ቁጥሩን ጻፊ።